ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል? የእማዬ ድድ ጉዳይ (ጅማ)

የቆጪ_ልጅ | እሑድ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ሌላ ቦታም ሆናችሁ ነገሩን የምታውቁ ብትረዱኝ።

እማዬ 58 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ በኪኒን ነው የምትቆጣጠረው። ድዷ ከደማ ቆይቷል፤ ስትፍቅ ደም፣ ደረቅ ዳቦ ስትገምጥ ደም። አሁን ደግሞ ከታች የፊት ጥርሶቿ ሁለቱ መነቃነቅ ጀመሩ። ቡና ላይ የሚሰበሰቡት ጎረቤቶች «ስኳር ነው፣ መርገፉ ላይቀር ቶሎ አስነቅይውና ተገላገይ» ብለዋታል። እሷም ወደዚያው እያዘነበለች ነው።

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ሥር የሰደደ የድድ በሽታ ነው፣ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ከድዱ በታችም ይጠረግ ተባለ። እሷ ግን በጄ አላለችም። የአክስቴ ጥርስ የተነቃነቀው ከታጠበ ወዲህ ነው ትላለች። ሌላው ምክንያቷ፣ ጎጃም በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳለች፤ «የተነቀሰ ድድ አይታመምም» ብለው ነው ያሳደጓት። ታዲያ ማሳጠብ እውነት ጥርስ ያነቃንቃል? ደሙ እስኪቆም ድረስስ መፋቁን ትተወው?

የአጋሮ_ቡና | እሑድ ከምሽቱ 3:02

ልጄ፣ እናትሽ የሚሉት ከባዶ የመጣ አይደለም። እኔ 63 ዓመቴ ነው፤ ከአንድ ክሊኒክ ታጥቤ ስወጣ ምላሴ በጥርሶቼ መሀል የሚገባበት ክፍተት አገኘ። በፊት ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ቀዝቃዛ ውኃ እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። አንደኛው የመንጋጋ ጥርሴም ይወዛወዛል። የቡና ዛፍ ሥሩ ላይ ያለው አፈር ከተጠረገ ቆሞ ይቆያል? እኔ በበኩሌ ዳግም አልሄድኩም።

ጤና_አዳም | እሑድ ከምሽቱ 3:20

በሞቀ ውኃ ጨው በጥብጣ ትጉመጥመጥ። ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቃ ድዷ ላይ ትያዝበት፣ ቅርንፉድም ታኝክ። እናቴ በዚህ ነው የዳነችው። ክሊኒክ ከገባችሁ ብር መቁጠር ብቻ ነው።

መድኃኒት_ቤት | እሑድ ከምሽቱ 3:41

ፋርማሲ ነው የምሠራው። ይህ የውይይት ክር ሳይረዝም አንድ ነገር ልበል፦ እባካችሁ «ለድድ» ብላችሁ ሜትሮኒዳዞልና አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ አትጠይቁን። በቀን ስንት ሰው እንደምመልስ ብትቆጥሩ! ኪኒኑን ሲውጡት እብጠቱ ለጥቂት ቀን ይቀንሳል፣ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ያው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱም ተህዋሲው ያለው ጥርሱ ላይ በደረቀው ቆሻሻ ውስጥ ነው፤ ቆሻሻው ሳይነሳ መድኃኒት ብቻውን አይደርስበትም። ሜትሮኒዳዞል እየወሰዱ ጠጅና አረቄ የሚጠጡትንማ ተዉት፤ እንዳይጠጣ ነው የምንመክረው።

@ጤና_አዳም፣ የጨው ውኃው ጥሩ ነው፣ ያስታግሳል። ቅርንፉድም ሕመም ያደነዝዛል። ነጭ ሽንኩርት ግን ድድ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፤ ልጦ ቁስል የሆነባቸው አይቻለሁ። ሦስቱም ግን የደረቀውን ድንጋይ አያነሱም።

ነጭ_ጋዎን | ሰኞ ከጠዋቱ 1:30

የጥርስ ሐኪም ነኝ። የቆጪ ልጅ፣ የእናትሽን አፍ ሳላይ ስለ እሷ መናገር አልችልም፤ ስለ በሽታው ግን ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ከታች የፊት ጥርሶች ለምን? እዚያ ከምላስ ሥር የምራቅ ቱቦ ይከፈታል። ጥርስ ላይ በየቀኑ የሚለጠፈው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ሳይጸዳ ከቆየ በምራቁ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት በቀናት ውስጥ ያጠነክረዋል። ይህ ነው ታርታር የምንለው፤ ሰዉ «ድንጋይ» ይለዋል፣ ስሙም ይስማማዋል። አንዴ ከደረቀ በብሩሽም በመፋቂያም አይነሳም። ደግሞ መፋቂያ ስንጠቀም የጥርሱን ፊት ለፊት እናሳምረውና ከውስጥ በምላስ በኩል ያለውን እንረሳዋለን። ስለዚህ ድንጋዩ እዚያው ይከማቻል።

በዚህ ደረጃ ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል። እስከዚህ ያለው ሙሉ በሙሉ ይድናል። በ1965 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎችን ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ተመለሰ። ስለዚህ «ደሙ እስኪቆም መፋቁን ትተወው?» ላልሽው መልሱ በተቃራኒው ነው፦ የሚደማው ቦታ ያልጸዳው ቦታ ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ በእርጋታ ይበልጥ ይጸዳል እንጂ አይተውም።

ችላ ከተባለ መቆጣቱ ወደ ታች ይወርዳል። ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ይፈጠራል። ቀጭን መለኪያ አስገብተን እንለካዋለን፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው፣ 4 ሲሆን እንከታተላለን፣ 6 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ቤት ውስጥ የሚደርስበት ነገር የለም። ከኪሱ ሥር ጥርሱን የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ ይበላል። ጥርስ የሚነቃነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመም ስለሌለው ደግሞ ሰው የሚመጣው ሲወዛወዝ ነው።

ጋሼ፣ የቡና ዛፉን ምሳሌ ወድጄዋለሁ፤ ግን አፈሩ ድንጋዩ አይደለም። አፈሩ አጥንቱ ነው፣ እሱም የሄደው እርስዎ ሳይታጠቡ በፊት ነው። ድንጋዩ በጥርሶቹ መሀል ተጋግሮ አንዱን ከሌላው ጋር አጣብቆ ይይዛቸዋል፤ ሲነሳ ቀድሞ የነበረው መነቃነቅና ክፍተት ይገለጣል። ያበጠው ድድ ሲሟሽሽም ጥርሱ ረዝሞ ይታያል። ሥሩ ስለተገለጠ ለጥቂት ሳምንት ቀዝቃዛ ነገር ይሰማዋል፤ ለዚህ የተሠራ የጥርስ ሳሙና አለ፣ ማታ በእሱ ቦርሸው በውኃ ሳይጉመጠመጡ ቢተኙ ይቀንስልዎታል። የእርስዎ ሐኪም ይህን አስቀድሞ ቢነግርዎ ኖሮ አይቀየሙትም ነበር ብዬ እገምታለሁ። እኛ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ እጃችን ይሠራል፣ አፋችን ዝም ይላል።

የአጋሮ_ቡና | ሰኞ ከጠዋቱ 3:10

ዶክተር፣ በትክክል ማንም አልነገረኝም። ግን እሺ፣ አጥንቱ ከሄደ በማጠብ አይመለስማ! ታዲያ ምን ያተርፋል?

ነጭ_ጋዎን | ሰኞ ከቀኑ 6:45

የሄደው በአብዛኛው አይመለስም፣ እውነት ነው። የቀረው ግን ይተርፋል። ኪሱ ሲጸዳ ድዱ ጥርሱ ላይ መልሶ ይጣበቃል፣ የ5 ሚሊሜትሩ 3 ሊሆን ይችላል፤ በመቆጣቱ ምክንያት የነበረው መነቃነቅም ይቀንሳል። ብዙ ታካሚ ላይ ይህን አያለሁ። እንዲያውም ማደንዘዣ ተወግቶ ከድድ በታች የሚጠረገውን በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቀጠሮ ከፋፍለን እንሠራዋለን። ከዚያ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ውስጥ ኪሱን ዳግም እንለካለን። ያልተዘጋ ጥልቅ ኪስ ከቀረ ድዱን ገለጥ አድርጎ የሚጸዳበት ቀዶ ሕክምና አለ፤ ሁሉም ሰው አይደርስበትም።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ አንዴ ታጥቦ በቃ ብሎ ይሄዳል። አጥንት ያጣ ሰው መጀመሪያ ላይ በየሦስት ወሩ መታየት አለበት፤ ከረጋ በኋላ ሐኪሙ ያራዝመዋል። ያልተከታተለው ዓመት ሳይሞላው ያው ነው፤ ከዚያ «ማሳጠብ ነው ያጠፋኝ» ይላል።

ስለ ንቅሳቱ ደግሞ። እናቶቻችን ያሳመሩበት ነው፣ አልንቀውም። ግን ቀለም እንጂ ጋሻ አይደለም። እንዲያውም ጥቁሩ የድዱን መቅላት ይሸፍናል። ሌላው ሰው ላይ በዓይን የምናየውን እሷ ላይ ማየት አንችልም፤ የሚነግረን ደሙና መለኪያው ነው። «ድድሽ ስላልቀላ ደህና ነው» ያለ ሰው ካለ አትስሚው።

መድኃኒት_ቤት | ሰኞ ከቀኑ 7:20

ዶክተር የስኳሩንም ንገሪያት እንጂ። እኛ ጋ የሚመጡት ዋናዎቹ እነሱ ናቸው።

ነጭ_ጋዎን | ሰኞ ከምሽቱ 1:05

እውነትህን ነው። ስኳርና ድድ የሚጎዳዱት በሁለቱም አቅጣጫ ነው። ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ድዱ ተህዋሲን መቋቋም ያቅተዋል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። የድዱ መቆጣት ደግሞ በተራው ስኳሩን ያስቸግራል። ድዳቸው በደንብ የታከመ የስኳር ሕመምተኞች ላይ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ (HbA1c) ከ0.3 እስከ 0.4 የመቶኛ ነጥብ ያህል ሲወርድ በጥናቶች ታይቷል። ትንሽ ይመስላል፤ የስኳር ሐኪም ግን ትንሽ አይለውም። መድኃኒቷን አትተካበትም፣ ታግዝበታለች።

ለቀጠሮ ስትወስጃት ጠዋት ይሁን፣ ቁርሷን በልታ፣ ኪኒኗን ወስዳ። ባዶ ሆዷን እንዳትመጣ። የስኳር ካርዷንና የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዛ ትምጣ፤ አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ ካለ አስቀድማ ትናገር።

አብዱ_መንደራ | ሰኞ ከምሽቱ 3:30

አቦ ዶክተር፣ የጫት ነገር እንዴት ነው? በርጫ የማልቀርበት ነው። በግራ በኩል ነው የምይዘው፤ በዚያ በኩል ድዴ ወደ ላይ ሸሽቶ የጥርሴ ሥር ታየ። ደም ግን የለም። ሲጋራ አለ፣ ትንሽ።

ነጭ_ጋዎን | ማክሰኞ ከጠዋቱ 1:15

አብዱ፣ ጅማ ላይ ተቀምጬ ይህን ካልመለስኩ ምን ልመልስ! ቅጠሉ ጉንጭ ሥር ለሰዓታት ሲያዝ ድዱን ይፈገፍጋል፤ በሚያዝበት በኩል ድድ ሲሸሽ ማየት የተለመደ ነው። አፍ ያደርቃል፤ ምራቅ ደግሞ የአፍ ጠባቂ ነው። ከዚያ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይጨመራል፤ ጥርሱን የሚበላው በአብዛኛው እሱ ነው። ምርቃናው ላይ ጥርስ መንከስ፣ ማታ ጨብሲ፣ ሳይቦረሽ መተኛት... ሁሉም ተደምሮ ነው እንጂ ቅጠሉ ብቻውን አይደለም።

«ደም ግን የለም» ያልከው ነው ያሳሰበኝ። ሲጋራ የድዱን ደም ሥር ያጠባል፤ ስለዚህ በሽታው እያለ ደሙ ይደበቃል። የሚያጨስ ሰው አለመድማቱን እንደ ደህንነት አይቁጠር፤ ተለካ። ከሁለቱ የቱን ልተው ብትለኝ ሲጋራውን ተው እልሃለሁ። ጫቱን ካልተውክ ደግሞ ውኃ ጠጣበት፣ ስኳሩን ቀንስ፣ አንድ ጎን ብቻ አትሙላው፣ ገራባውን ተፍተህ አፍህን በደንብ ተጉመጥመጥና ሳትቦርሽ አትተኛ።

አብዱ_መንደራ | ማክሰኞ ከጠዋቱ 2:00

ሳትቦርሽ አትተኛ ስትይኝ ማን ተኝቶ ነው 😂 እሺ ገብቶኛል፣ ገለቶሚ።

የሰባት_ወር | ማክሰኞ ከጠዋቱ 4:40

እኔም ልጠይቅ። ሰባተኛ ወሬ ላይ ነኝ፣ ከአራተኛው ጀምሮ ድዴ ይደማል። ሁለት ጥርሶች መሀል ደግሞ እንደ ቀይ ፍሬ ያለ ሥጋ በቅሎብኛል፣ ሲነካ ይደማል። አማቴ «ነፍሰ ጡር ጥርስ አይነካም» ብላ ከልክላኛለች። ከልብ ነው የምታስበኝ፣ ስለዚህ አልከራከርኩም።

ነጭ_ጋዎን | ማክሰኞ ከቀኑ 8:10

እህቴ፣ አይዞሽ። በእርግዝና ሆርሞኑ ድዱን ለቆሻሻው ይበልጥ እንዲቆጣ ያደርገዋል። ፍሬ የመሰለውም ብዙ ጊዜ ከዚያው የሚመጣ ነው፣ ከወለድሽ በኋላ ሊጠፋ ይችላል፤ ግን ሐኪም በዓይኑ ይየው። ማጽዳት በእርግዝና አይከለከልም። በጣም የሚመቸው ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ወር ያለው ነው፤ አሁንም ይቻላል፣ ወንበሩ ላይ ወደ ግራ ጋደም ብለሽ። ነፍሰ ጡር መሆንሽን መጀመሪያ ተናገሪ፤ ቴትራሳይክሊን የመሰሉ የማይታዘዙልሽ መድኃኒቶች አሉ። የሚያስመልስሽ ከሆነ ወዲያው አትቦርሺ፣ በውኃ ተጉመጥመጪና ቆየት በይ፤ አሲዱ ጥርሱን ስላለሰለሰው ብሩሹ ይፍቀዋል። ለአማትሽም እንዲህ በያት፦ የሚነካው ጥርሱ ሳይሆን ቆሻሻው ነው።

የቆጪ_ልጅ | ማክሰኞ ከምሽቱ 2:30

ዶክተር እግዜር ይስጥሽ። የጻፍሽውን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ አፈሩ ስትሰማ ዝም አለች፣ ከዚያ «እንግዲህ የእህቴም ጥርስ ቀድሞ ነበር የተነቃነቀው» አለች። ቀጠሮ ይዘናል። የጥርስ ሕክምና ክፍሉ ያለው ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ተራው ይረዝማል ብለው ያስፈራሩኝ ነበር፤ ግን በጠዋት ከሄድን ይሻላል ብለን እዚያው ልንሄድ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። መፋቂያዋን በጭራሽ አትተውም፤ የወይራ ነው፣ ከገበያ ራሷ መርጣ ነው የምትገዛው። ብሩሽ «አይነካኝም» ትላለች። ሌላው፣ ክሎርሄክሲዲን የሚባል መጉመጥመጫ ታዞላታል፤ ቡና ትጠጣበታለች?

ነጭ_ጋዎን | ማክሰኞ ከምሽቱ 4:00

መፋቂያውን አታስጥያት። በትክክል ከተጠቀመችበት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ባህሉ ባለበት አካባቢ እንዲቀጥል አበረታቷል። ጫፉ ተኝኮ ለስላሳ እስኪሆን ይቀጥቀጥ፣ ያረጀው ይቆረጥ። ወደ ጎን በኃይል መፈግፈግ ድድ ያሸሻል፤ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይሁን። ቀን ቀን መፋቂያዋን ትያዝ፤ ማታ ግን በለስላሳ ብሩሽና በፍሎራይድ ሳሙና ሁለት ደቂቃ፣ ብሩሹን ድዱ ጠርዝ ላይ ዘንበል አድርጋ። ከውስጥ በምላስ በኩል ካለው ትጀምር፤ በኋላ ስለሚሰለች። የተላቀቀ ድድ ላላት ሰው ከጥርስ ክር ይልቅ በጥርስ መሀል የምትገባዋ ትንሽዬ ብሩሽ ትመቻለች።

መጉመጥመጫው፦ ጠዋትና ማታ፣ አንድ ደቂቃ ያህል፣ ለሁለት ሳምንት። ከዚያ በላይ በራሷ እንዳትቀጥል። ከጥርስ ሳሙናው ጋር አይስማማም፣ ግማሽ ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ጥርስ ያጠቁራል፤ ቡናና ሻይ ደግሞ ያብሱታል። ጅማ ውስጥ «ቡና ተዪ» ማለት አልደፍርም 🙂 ከቡና በኋላ እንጂ ከቡና በፊት አትጉመጥመጥ፤ ከተጉመጠመጠችም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ትቆይ። የመጣው ጥቁረት ሲታጠብ ይለቃል። ለጥቂት ቀን የምግብ ጣዕም ቢጠፋባት አትደንግጡ።

ግፊት_አለብኝ | ረቡዕ ከጠዋቱ 3:00

ከሰርቦ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ከጀመርኩ ወዲህ ድዴ አድጎ ጥርሴን ሊሸፍነው ነው። መድኃኒቱን ብተወው ይሟሽሻል ወይ?

መድኃኒት_ቤት | ረቡዕ ከጠዋቱ 3:25

እንዳይተዉት! ኒፈዲፒንና አምሎዲፒን፣ የሚጥል በሽታ ላለባቸው የሚታዘዘው ፌኒቶይንም፣ አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳድጋሉ። ለጻፈልዎ ሐኪም ይንገሩ፤ ሌላ ዓይነት ሊቀይርልዎ ይችላል። በራስ ማቆም ግን ግፊቱን ያወጣዋል፤ ስትሮክ ከድድ ይብሳል።

ነጭ_ጋዎን | ረቡዕ ከጠዋቱ 3:50

ልክ ነው። ጥርሱ ንጹሕ በሆነ መጠን እድገቱም ያንሳል፤ ስለዚህ የጥርስ ሐኪምም ይዩ። በዚህ አጋጣሚ ለሁሉም፦ ድድ ሲደማ ሰውነት ላይም ያለ ምክንያት ሰማያዊ ነገር የሚወጣበት፣ የሚገረጣና የሚያተኩሰው ልጅ ካለ የጥርስ ጉዳይ ብቻ አይመስላችሁ፣ ቶሎ የደም ምርመራ ይደረግለት። ፊት ካበጠ፣ አፍ መክፈትና መዋጥ ካስቸገረ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የአጋሮ_ቡና | ረቡዕ ከምሽቱ 2:20

ዶክተር፣ እኔም ልመጣ ነው፤ ሚስቴ ይህን ክር አንብባ እረፍት ነሳችኝ። የሚወዛወዘው መንጋጋ ግን ወደ ታችም ጭምር ይጫናል፣ እህል አላኝክበትም። እሱንም አትርፉልኝ ብል ይሆናል?

ነጭ_ጋዎን | ረቡዕ ከምሽቱ 3:15

ጋሼ፣ ወደ ጎን ብቻ የሚወዛወዝ ጥርስ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ የፊቶቹንም ከጎረቤት ጥርስ ጋር የምናስርበት ዘዴ አለ። ወደ ታች የሚጫን ከሆነ ግን አጥንቱ ከሥሩ አልቋል ማለት ነው፤ ራጅ ተነሥተን አይተን ምናልባት እሱን እንነቅለዋለን። መንቀልም ሕክምና ነው፤ እዚያ የተጠራቀመው ለጎረቤቱ ጥርስ እንዳይተርፍ። ቀሪዎቹን ግን ሳንለካ አንፈርድባቸውም። ቁርስዎን በልተው ይምጡ፣ የድሮ ራጅ ካለዎት ይዘው ይምጡ።

የአጋሮ_ቡና | ረቡዕ ከምሽቱ 3:22

ራጁ አለ፣ ሚስቴ ፍራሽ ሥር አስቀምጣዋለች። ሐሙስ ገበያ አለብኝ፣ ዓርብ እመጣለሁ።